ላሞቹ የላሱት አፈር

አንድ ዳኛ ነበረ። በተሾመ በሁለተኛው ዓመት፣ ጤፉ ቢጫ ሆኖ ማጭድ በሚጠብቅበት ወር፣ በሚዳኘው አገር አንድ የጨው ነጋዴ ተገደለ። ነጋዴው አርባ አሞሌ ጨው በበቅሎ ጭኖ ከገበያ ሲመለስ፣ ወንዙ መሻገሪያ ላይ ራሱን በድንጋይ ተመትቶ ወድቆ ተገኘ። በቅሎዋ ጭነቷ ተወስዶ ብቻዋን ትግጣለች። ያየ ሰው የለም፤ ጩኸት የሰማም የለም።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ አውጫጭኝ ይጠራ ነበር። የአገሩ ወንድ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይቀመጥና ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። ሥርዓቱ ደግ ነው፤ የሚያውቅ ሰው ዝም ብሎ እንዳይቀር ያስገድዳል። ክፉ ጎኑ ግን፣ ሰው ከተቀመጠበት ለመነሣት ሲል ብቻ ስም መጥራት ይጀምራል።

የመጀመሪያው ቀን ማንም ስም ሳይጠራ አለቀ። በሁለተኛው ቀን ያለ ወቅቱ ደመና መጣ። ከዚያ በኋላ ዳኛውን የሚያይ ጠፋ፤ ሁሉም ሰማይ ሰማይ ያያል። ዳኛውም ቢሆን ያልታጨደ ጤፍ ነበረው። ይቀመጣል፣ ይነሣል፣ ሣር እየነቀለ ይበጣጥሳል። ከኋላው አንዱ፣ «የእሱ ጤፍ ብረት ነው መሰለኝ፣ ዝናብ አይፈራም» ሲል ሰማ፤ የሳቁትንም ሰማ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ብዙ ከብት ያለው አንድ ባለጸጋ ተነሣና ስም ጠራ። የጠራው ከሁለት ዓመት በፊት ከሌላ አገር መጥቶ በእኩል አራሽነት የሚኖር ድሃ ገበሬ ነበር። ይህ መጤ በገበያው ቀን በአንድ ስባሪ አሞሌ ምክንያት ከነጋዴው ጋር ሲጣላ ሰው ሁሉ አይቷል። ወደ ቤቱ የተመለሰው በወንዙ መንገድ ነው። ጋቢው ላይ ደግሞ ደም አለ። ሜዳው ሙሉ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አለ።

ዳኛው ደረቱ ቅልል ሲለው ተሰማው። በቃ፣ ነገሩ አለቀ፣ ሰውም ወደ አጨዳው ይሄዳል። ወዲያው ግን ይኸው መቅለሉ አስፈራው። ከፈረደ፣ ገበሬው ለሟች ዘመዶች ተላልፎ ይሰጣል፤ እነሱም ነጋዴው እንደሞተ አድርገው ይገድሉታል።

ገበሬውን ጠየቀው። ጠቡን አልካደም። ስለ ደሙ ሲጠየቅ፣ «የበሬዬ ነው ጌታዬ፤ ቀንበር ትከሻውን አሳብጦት በጥቼለት ነው» አለ። አንዱ «እንግዲህ በሬው ይምጣና ይመስክር» ብሎ ሰዉን አሳቀ። በዚህ መካከል ዝናቡ ወረደ። ጤፉ እያየነው ሊረግፍ ነው ብለው አጉረመረሙ። ዳኛው ግን በሬውን ሳላይ አልፈርድም አለና፣ ዝናቡ ሲያባራ በጭቃው ውስጥ ሄደ።

በሬው ትከሻው ተበጥቷል፤ አመድ የተነሰነሰበት ቁስል መድረቅ ጀምሯል። ደሙ የራሱ ምክንያት አለው ማለት ነው። ጠቡስ? ከዚያ ነጋዴ ጋር ያልተጣላ ገበያተኛ ማን አለ? መንገዱስ? የአገሩ ሁሉ መንገድ ነው። ሦስቱ ማስረጃዎች አንድ በአንድ ሲታዩ ባዶ ሆኑበት። ያኔ ይበልጥ ጨነቀው፤ አንዱን ነፃ ለማውጣት ቀርቦ ሌላውን አላገኘም፣ ሜዳው ላይ ደግሞ የተቆጣ ሕዝብ ይጠብቀዋል።

ሲመለስ በባለጸጋው ጓሮ በኩል አለፈ። የሰፈሩ ላሞች አጥሩ ሥር ተጨናንቀው፣ እርስ በርስ እየተጋፉ፣ ጎርፉ ከግቢው ይዞት የወጣውን ጭቃ ይልሳሉ። ዳኛው ጎንበስ ብሎ በጣቱ ቀመሰ። ጨው ጨው አለው።

ሮጦ «አገኘሁት!» ሊል ነበር። ነገር ግን በደሙ ጉዳይ ሊሳሳት የነበረው ገና አሁን ነውና ራሱን ያዘ። ከብት ሰው የሸናበትንም ይልሳል። ባለጸጋው ለላሞቹ ጨው አቅርቦ ሊሆንም ይችላል። ስለዚህ ሜዳው ላይ ደርሶ ምንም እንዳላየ ሆነና፣ ለከብቶችህ ጨው ሰጥተህ ነበር ወይ ሲል ጠየቀው። ባለጸጋው ጨው የሚባል ነገር እንዳይነካካው ፈራና፣ «ከፋሲካ ወዲህ እቤቴ የጨው ፍርፋሪም አልገባም» አለ።

ዳኛው ቀጥሎ፣ ይህን ሰው በገበያው ቀን ያየ አለ ወይ ብሎ ጉባኤውን ጠየቀ። የባለጸጋው ጎረቤት ክፉ ሳያስብ፣ ገለባ የጫነ አህያ እየነዳ ከወንዙ ሽቅብ ሲወጣ አግኝቼው ሰላም ተባብለናል አለ። አንድ ሽማግሌ ይህን ሰምተው ቀስ ብለው ቀና አሉ። «የምን ገለባ? የአምናው በክረምት አልቋል፣ የዘንድሮው ገና አልታጨደም።»

ዳኛው፣ ከሌላ አገር የተገዛ ገለባ ሊሆን ይችላል ብሎ ሳይፈርድ ጓሮው እንዲፈተሽ አዘዘ። ሄደው ጓሮውን ቆፈሩ። ከፍግ ክምሩ ሥር፣ ግማሹ የሟሟ አሞሌ ከነጋዴው መጫኛ ጋር ተገኘ። ባለጸጋው መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁት አለ። ዳኛው ይህንንም አልናቀም፤ ወድቆ የተገኘ ጨው ሊኖር ይችላል። «ወድቆ ካገኘኸው፣ ይህን ድሃ ገደለ ብለህ ለምን ተነሣህ?» አለው። ባለጸጋው ወድቆ አገኘሁት የሚለውን ብቻ ደጋገመ። ከዚያ በኋላ ዳኛው ፈረደበት።

እታለም፣ «ያየ ሰው ከሌለ የወንድሜ ደም ደመ ከልብ ሆኖ ሊቀር ነው ወይ?» ብለሽ ስለጠየቅሽኝ ነው ይህን የነገርኩሽ። አይቀርም። ያየ ሰው ባይኖርም ሊፈረድ ይችላል። ብቻ ዳኛው ያደረገውን ልብ በይ፤ እያንዳንዱን ምልክት ሲያገኝ መጀመሪያ የፈለገለት ንጹሕ ምክንያት ነው። ለገበሬው ፈለገ፣ አገኘለት። ለባለጸጋውም ያንኑ ያህል ፈለገ፤ ለላሞቹ አንድ ምክንያት፣ ለገለባው ሌላ ምክንያት፣ ለተቀበረው ጨው ሌላ ምክንያት። አንዱን ብቻ ብናይ ምክንያት አይጠፋለትም፤ ሁሉንም አንድ ላይ የሚያስረዳ ንጹሕ ታሪክ ግን አልተገኘም። ማስረጃ የሚባለው ያ ነው፤ ብዛቱ ብቻ አይደለም፣ የገበሬውም ሦስት ነበሩ።

አንቺም የአንድ ሰው ስም ይዘሽ ነው የመጣሽው። ምናልባት እሱው ይሆናል። ነገ መርማሪው ፊት ስትቀርቢ ግን ስሙን አታስቀድሚ። ወንድምሽ በምን ሰዓት እንደወጣ፣ ምን ይዞ እንደነበር፣ ማን ምን እንዳለሽ፣ ያየሽውንና የሰማሽውን ብቻ ንገሪው። ስሙ ከዚያ ውስጥ ራሱ ከወጣ የወንድምሽ ደም ተናገረ ማለት ነው። አንቺ ጎትተሽ ካወጣሽው ግን፣ ወንድምሽን የገደለው ሰው ሌላ ሰው ሲሰቀልለት ቆሞ ያያል።