በስስ ክር የተያዘው ካባ

አንዲት ባለጸጋ ሴት ነበረች። ቁጭ በልና ስማኝ እንጂ! «ኮብልሎ የነበረው ወንድሜ ተመለሰ፣ ዳግም እንዳይሄድብኝ በዋስና በመሐላ ጥፍር አድርጌ ልሰረው ወይ?» ብለህ የለ? መልሱ እሷ ዘንድ ነው።

ይህች ሴት ከእናቷ የወረሰችው፣ በወርቅ ክር የተሸመነ ካባ ነበራት። እናቷ ተሞሽራበታለች፣ እሷም ተሞሽራበታለች። አሁን ደግሞ ልጇ ልትዳርበት ስምንት ቀን ሲቀራት ከሣጥን ቢያወጡት ትከሻው ላይ ተሰንጥቆ ተገኘ። ልጅቱ አለቀሰች፤ ሌላ ካባ አልለብስም አለች።

እናት በስፌቱ ጥንካሬ ወደታወቀ ልብስ ሰፊ ሮጠች። እሱም ወፍራም ክር ደርቦ ግጥም አድርጎ ሰፋላት፤ በሬ ቢስበው አይላቀቅም ብሎም ማለላት። እውነቱን ነው! ልጅቱ ለብሳ ክንዷን ስታነሳ ስፌቱ ንቅንቅ አላለም፤ የተቀደደው ከስፌቱ ግራና ቀኝ ያለው ጨርቅ ነው። የጣት ያህል የነበረው ስንጥቅ ስንዝር አከለ፤ ጉድ በል እንግዲህ።

ያኔ የካህናት ካባ የምትጠግን አንዲት አሮጊት አስጠሩ። አሮጊቷ ያን ወፍራም ክር ቀስ እያለች ተረተረችው፤ ከሥሩም ለስላሳ ጨርቅ አነጠፈች። የወርቁን ክር በመርፌ ሳትወጋ በጣቷ አስተኛችና በላዩ ላይ እንደ ፀጉር በቀጠነ ሐር ላላ አድርጋ ያዘችው። ምን ልበልህ፣ እጇን ማየት ራሱ ያስደስታል! ባለጸጋዋ ግን ተናደደች። ይህማ በሠርጉ ዕለት ይበጠሳል አለቻት።

አሮጊቷ ቀና ብላ «ይበጠስ፣ እመቤቴ» አለች። «ሐሩ ቢበጠስ እኔ አለሁ፣ በማግሥቱ መልሼ እሰፋዋለሁ። ወርቁ ቢበጠስ ግን የሸመነው ሰው ሞቷል።»

በሠርጉ ዕለት ልጅቱ እስክስታ ወረደች፤ ትከሻዋ መቼ አርፎ! ካባውን ሲያወልቁላት ሐሩ ሦስት ቦታ ተበጥሷል። ከወርቁ ግን አንዲት ክር አልጎደለችም። እናት ያን ስታይ ብቻዋን እልል አለች።

አየህ ልጄ፣ ወንድምህ ያ ካባ ነው፤ ብዙ ተንገላቶ ሳስቷል። የአንተ ዋስና መሐላ ደግሞ ያ ወፍራም ክር ነው። ተው፣ ላላ አድርገህ ያዘው። የገባልህን ቃል አንድ ቀን ቢያፈርስ ደግመህ ትታረቀዋለህ። አጥብቀኸው እሱ ራሱ የተቀደደ እንደሆነ ግን፣ እናታችሁ አርፋለች፤ ሌላ ወንድም ማን ይወልድልሃል? በል ተነሥ፤ ምሳውን ብቻውን እንዳይበላ።