የአያ ጅቦ የጨው ድርሻ

አንድ ጊዜ፣ በአንዲት የቆላ መንደር ዳርቻ የጨው ኮረብታ ነበር። ኮረብታውን ያገኘችው ዳለቻ የምትባል አህያ ናት። ጎኗን አሳክኳት ድንጋይ ላይ ስትታሽ ቆይታ፣ ድንጋዩን ላስ ብታደርገው ጨው! ከዚያ ቀን ጀምሮ መንደሩ በሙሉ እየመጣ ይልስ ነበር።

የመንደሩ ገዥ አንበሳ ደግሞ አንድ ሕግ ነበረው። ከዓመታት በፊት ከወንዝ ማዶ ከርከሮ መጥቶ፣ ሥራሥሩን ሁሉ ቆፍሮ በልቶ፣ ጉድጓዱን እንኳ ሳይደፍን ሄዷል። ስንቱ እግሩን ሰበረበት! አንበሳ ያን ጊዜ በቁጣ እንዲህ ብሎ አወጀ፦ «ከወንዝ ማዶ መጥቶ ምድራችንን የሚቆፍር ካለ፣ የጉድጓዱ እኩሌታ የመንደሩ ልጅ ይሁን። ውሉን የመንደሩ ልጅ በእጁ ይያዝ፤ በሸንጎም ያሳይ። የመንደሩ ልጅ ድርሻ የሌለበት ጉድጓድ ግን ለመንደሩ ይመለሳል!»

ታዲያ አንድ ቀን ከወንዝ ማዶ ቀበሮ መጣ። ጨዉን አሞሌ እያደረገ ወደ አገሩ ለመላክ አስቧል። ዳለቻ ይህን ስትሰማ ከሁሉ ቀድማ ደረሰች። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር።

«እንኳን ደህና መጡ» አለችው። «እኩሌታው የእኔና የዘመዶቼ ይሁን፤ እኛም አብረን እንሠራለን። ግን ልጠይቅዎት፤ በቀን ስንት አሞሌ ያወጣሉ? ለመንደሩ የሚላስ ስንቱ ይቀራል? ሲያልቅስ ጉድጓዱን የሚደፍነው ማን ነው?»

«አስብበታለሁ፣ እመቤቴ» አለ ቀበሮ በፈገግታ። ራቅ ስትል ግን «ይህቺስ ትጠይቃለች!» ብሎ አጉረመረመ። እሱ የሚፈልገው ስም ያለው፣ ጥያቄ የሌለው ባለቤት ነው። እንግዲህ ወደ ማን እንደሄደ ገምቱ!

አያ ጅቦ ዋሻው ደጃፍ ላይ ተጋድሞ ያዛጋል።

«አያ ጅቦ፣ የጨው ጉድጓድ ባለቤት መሆን አይፈልጉም?»

«ይበላል?»

«ባይበላም የሚበላ ያመጣል። በቀን አንድ ቅልጥም!»

«ሥራዬስ?»

«‹ባለቤቱ ማን ነው?› ሲባል ‹እኔ› ማለት ብቻ። የቀረውን ለእኔ ይተዉት።»

«እኔ» አለ አያ ጅቦ ለመለማመድ። «እኔ፣ እኔ፣ እኔ! ቀላል ነው!»

የአንበሳ ጸሐፊ ጦጣ ውሉን በብራና ላይ ጻፈችው። ቀበሮ «እኔ ልያዝልዎት» ቢል፣ ጦጣ «ሕግ አይፈቅድም» ብላ ለአያ ጅቦ አስረከበችው። እሱም ግራ ቀኙን አሸተተው።

«የፍየል ነው?»

«የፍየል ቆዳ ነው። ደህና አድርገው ያስቀምጡት።»

«እንዴታ!»

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። እዚህ ግን በሚያውቁት አገር፣ በገዛ እጃቸው ቆዳ አስታቀፉት! ምን ይባላል?

ቀበሮ በማግሥቱ ኮረብታውን በእሾህ አጠረ፤ በሩ ላይም ዘበኛ አቆመ። ዳለቻ ለእፍኝ ገለባ ብላ አሞሌ ትሸከም ጀመር። ይባስ ብሎ የጨው አምሮት ያዛት። የእርጉዝ አምሮት መቼም የሚቻል ነገር አይደለም! ጀርባዋ ላይ ጨው፣ ምላሷ ላይ አቧራ።

«አንዴ ብቻ ልላስ» ብላ ስትለምን፣ ቀበሮ «እኔ ምን አገባኝ? ባለቤቱን አያ ጅቦን ጠይቂ!» ይላታል። እስቲ አህያ ጅብ ቤት ሄዳ ጨው ስትለምን ይታያችሁ!

ቅልጥሙም ቢሆን አልበረከተም። በመጀመሪያው ሳምንት መቅኔ ነበረው፤ በሁለተኛው ደረቀ፤ በሦስተኛው ጭራሽ ቀረ። አያ ጅቦ ሊጠይቅ ቢሄድ ዘበኛው ከበር መለሰው። ቀበሮም በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ ብሎ፣ «አንተ እኮ ባለቤት ነህ! ባለቤት ይሰጣል እንጂ ይለምናል እንዴ?» አለው። «እርስዎ» ማለቱ መቅረቱን ልብ በሉልኝ። አያ ጅቦ ግን ነገሩ እውነት መሰለውና ባዶ ሆዱን ይዞ ተመለሰ።

የሸንጎው ቀን ደረሰ። እንስሳቱ ሁሉ ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። ዳለቻ ጅቡ ፊት ለፊት ተቀምጦ እያየች፣ ወደ ፊት ወጥታ ቆመች።

«ጌታዬ፣ ይህ ጉድጓድ የመንደሩ ልጅ የለበትም። ስሙ የጅብ፣ ጨዉ የቀበሮ ነው። እኔም ሆዴ እንዲህ ሆኖ፣ ራሴ ካገኘሁት ጨው ተከልክዬ ልሞት ነው!» አለችና አለቀሰች።

ቀበሮ ብድግ አለ። «ሕጉ ተከብሯል! አያ ጅቦ፣ ባለቤቱ ማን ነው?»

«እኔ!»

«ውሉን አሳየኝ» አለ አንበሳ።

አያ ጅቦ ከንፈሩን ላሰ። «የለም፣ ጌታዬ።»

«የት ሄደ?»

«በላሁት።»

ሸንጎው ተንጫጫ። ቀበሮ ራሱን ያዘ፤ ግን ቀበሮ አይደል? ወዲያው መላ አገኘ። «ቢበላም ተጽፎ ነበር፤ ጦጣ ምስክር ናት! ብራና ቢጠፋ ባለቤትነት ይጠፋል?»

«ጽፌያለሁ፣ እውነት ነው» አለች ጦጣ።

አንበሳ ጎፈሩን አከከ። ነገሩ ያስኬዳል። የዳለቻ ጆሮዎች ወደ ታች ወደቁ።

«ለመሆኑ፣ አንተ ሆዳም፣ ውል እንዴት ይበላል?» አለ አንበሳ ተናዶ።

አያ ጅቦ ስለ ምግብ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። «ቆዳው እንኳ ደህና ነበር፣ ጌታዬ። ቀለሙ ትንሽ መረረኝ። እሱንም በቻልኩት፤ ጨው አጣሁለት እንጂ!»

አንበሳ ጆሮውን አቀና።

«ጨው አጣህ?» አለ አንበሳ ቀስ ብሎ።

«ከየት አመጣለሁ? በአጥሩ መች አሳልፈውኝ ያውቃሉ! ከታጠረ ወዲህ ጨዉ ነጭ ይሁን ቀይ እንኳ አላየሁም።»

«ሰማችሁ?» ብሎ አገሳ አንበሳ። «የጨው ኮረብታ እኩሌታ ባለቤት፣ ውሉን አልጫውን በላው! ቀበሮ፣ አሁንስ ምን ትላለህ?»

አንበሳም ፈረደ፦ አጥሩ ይፍረስ፤ ጉድጓዱ ለመንደሩ ይመለስ። ቀበሮ መቆፈር ከፈለገ የዳለቻን ሦስት ጥያቄዎች መልሶ፣ ከእሷና ከዘመዶቿ ጋር እኩል ይቆፍር። ውሉም ቋጥኝ ላይ ይቀረጽ።

ዳለቻ ፍርዱ እስኪያልቅ እንኳ አልጠበቀችም። ወደ ኮረብታው ሮጣ፣ ምላሷ እስኪደነዝዝ ላሰች። ውሉ በተቀረጸ ቀንም አያ ጅቦ መጥቶ ቋጥኙን ዞሮ ዞሮ አሸተተና፣ «ይሄስ የፍየል አይደለም» ብሎ እያዘነ ሄደ።

ከዚህ የምንማረው፣ ስሙ በውል ሰፍሮ ምላሱ ጨዉን ያልቀመሰ፣ የሌላ ሰው አጥር እንጂ ባለቤት አለመሆኑን ነው።