ሦስት ጊዜ ጠባ

እንካችሁ ተረት፣ ስሙኝ በትዕግሥት፤ ስንት በር አስኬደች፣ አንዲት ትንሽ ወረቀት።

ይታይሽ የምትባል እናት ነበረች። የአምስት ወር ልጇ ምሕረቱ በትኩሳት እንደ ጉልቻ ጋለባትና በማለዳ አዝላው ጤና ጣቢያ መጣች። ከተረከዙ ደም ወሰዱለት። እሷም አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ ልጇን አጠባች፣ ጠበቀች።

ይታይሽ ዓይን አፋር ናት። «ቆይ» ካሏት ትቆያለች፣ «ሂጂ» ካሏት ትሄዳለች፤ ለሁሉም መልሷ «እሺ» ነው። የፈለገችውም ትንሽ ነገር ነበር፤ ለልጇ መድኃኒት።

ብዙ ጠብቃ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሠራተኛ፣ ወደ ዝናሽ ሄደች። ዝናሽ መድኃኒቱ መኖሩን ነገረቻት። ግን ትኩሳቱ ብዙ ዓይነት ነው፣ መድኃኒቱም እንደዚያው። የትኛው እንደሆነ የሚናገር የላቦራቶሪ ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀት ካልተጻፈ ዝናሽ አትሰጥም። ይታይሽ «እሺ» አለች፤ አግዳሚው ላይ ተመልሳም ልጇን አጠባች።

ወረቀቱ ሲዘገይባት ወደ ላቦራቶሪው፣ ወደ ዳኛቸው ሄደች። የምሕረቱ ደም ትንሽ መስታወት ላይ ተቀብቶ ደርቋል። ዳኛቸው አንገቱን ደፋ። ማይክሮስኮፑ የሚያየው በመብራት ነው፤ መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል፤ ያለው ተስፋ ጀነሬተሩ ነው። ጀነሬተሩ ካልተነሳ ማይክሮስኮፑ አያይም፣ ማይክሮስኮፑ ካላየ ዳኛቸው አይጽፍም፣ ዳኛቸው ካልጻፈ ዝናሽ አትሰጥም። ይታይሽ «እሺ» አለች፤ መብራቱ ይመጣ እንደሆነ እየጠበቀችም ልጇን አጠባች።

መብራቱ አልመጣም። ወደ ጀነሬተሩ ሄደች። አጠገቡ ዘበኛው ጋሽ ድንበሩ ተቀምጠዋል። ጀነሬተሩን በጫማቸው ነካ አደረጉትና «ይሄ እንደኔ ነው ልጄ፣ ሳይበላ አይነሳም» አሏት። የሚበላው ናፍጣ ነው፤ ናፍጣው መጋዘን ነው፤ የመጋዘኑ ቁልፍ እሳቸው ኪስ ነው። ግን የጤና ጣቢያው ኃላፊ የናፍጣው ወረቀት ላይ ካልፈረሙ ጋሽ ድንበሩ አይከፍቱም፣ ጋሽ ድንበሩ ካልከፈቱ ጀነሬተሩ አይነሳም፣ ጀነሬተሩ ካልተነሳ ማይክሮስኮፑ አያይም፣ ማይክሮስኮፑ ካላየ ዳኛቸው አይጽፍም፣ ዳኛቸው ካልጻፈ ዝናሽ አትሰጥም። ይታይሽ «እሺ» አለች። ጡቷንም አወጣች። ምሕረቱ በትንሽ እጁ ገፋው።

ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄደች። በሩ ተዘግቷል። ይታይሽ በር ማንኳኳት አልለመደችም፤ በአገሯ ሰው ከደጅ ሆኖ ይጣራል። ለመጣራት ደግሞ ፈራች። በመጨረሻ በጥፍሯ ሁለቴ ነካችውና ገባች።

አቶ መኳንንት ከወረቀት ክምር ላይ ቀና አሉ። እሳቸውም ድሮ የላቦራቶሪ ሰው ነበሩ። ከሦስት ቀን በኋላ ትልቁ የሕክምና ላቦራቶሪ ጉባኤ ይከፈታል፤ ከየአገሩ በሚመጡት ባለሙያዎች ፊት፣ ውጤት ለታማሚ በፍጥነት ስለማድረስ ጥናት ያቀርባሉ። ጥናቱ አንድ ቁጥር ብቻ ጎድሎታል፤ እሱን ሳያገኙ ሌላ ወረቀት ላለመንካት ወስነዋል። ቁጥሩ ካልተገኘ ጥናቱ አያልቅም፣ ጥናቱ ካላለቀ አቶ መኳንንት አይፈርሙም፣ አቶ መኳንንት ካልፈረሙ ጋሽ ድንበሩ አይከፍቱም፣ ጋሽ ድንበሩ ካልከፈቱ ጀነሬተሩ አይነሳም፣ ጀነሬተሩ ካልተነሳ ማይክሮስኮፑ አያይም፣ ማይክሮስኮፑ ካላየ ዳኛቸው አይጽፍም፣ ዳኛቸው ካልጻፈ ዝናሽ አትሰጥም።

«ቁጥሩን ሳላገኝ አልፈርምም፤ ነገ ተመለሺ» አሏት።

ይታይሽ «እሺ» ልትል አፏን ከፈተች። ግን ሌላ ቃል ወጣ።

«የምን ቁጥር ነው ጋሼ?» አለች።

ገርሟቸው ነገሯት። መዝገቡ ደሙ ላቦራቶሪ የገባበትን ሰዓት ይዟል፤ ውጤቱ የተጻፈበትንም ይዟል። ታማሚው ከግቢው በር ገብቶ መድኃኒቱን እስኪይዝ ስንት እንደሚጠብቅ ግን የመዘገበ የለም። አግዳሚው ላይ መዝገብ የለማ።

ይታይሽ የእጅ ሰዓት የላትም።

«ስመጣ ጠባ» አለች ቀስ ብላ። «ዝናሽ ስትመልሰኝ ጠባ። መብራቱን ስንጠብቅ ጠባ። ሦስት ጊዜ ጠባ ጋሼ። በአራተኛው ጡቴን ገፋው።»

አቶ መኳንንት ልጁን አዩት። ከዚያ ክፍት በነበረው ቦታ ላይ ቃሏን እንዳለ ጻፉት። እስክሪብቶውን ሳያስቀምጡ የናፍጣውን ወረቀት ሳቡ።

ቁጥሩ ተገኘ፣ ጥናቱ አለቀ፣ አቶ መኳንንት ፈረሙ፣ ጋሽ ድንበሩ ከፈቱ፣ ጀነሬተሩ ጠጥቶ ተነሳ፣ ማይክሮስኮፑ አየ፣ ዳኛቸው ጻፈ፣ ዝናሽ ሰጠች። የወባ መድኃኒት ነበር። ይታይሽ በማንኪያ አሟሙታ አጠጣችው።

ዳኛቸው ጥናቱን አነበበና ጭንቅላቱን አከከ። ጉባኤው ላይ ይሄ ምን ዓይነት መለኪያ ነው ቢሏቸው ምን እንደሚሉ አቶ መኳንንትን ጠየቀ።

«መጥታችሁ እኛ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ እላቸዋለሁ» አሉ አቶ መኳንንት። እሳቸውም ሄደው ከይታይሽ አጠገብ ተቀመጡ። ወንበሩ እንዲህ ጠንካራ መሆኑን እስከዚያ ቀን አያውቁም ነበር።

ፀሐይዋ ወደ አጥሩ ስታዘነብል የምሕረቱ ግንባር ላብ አወጣ። አፉ ጡት ፈለገ፤ ያዘም።

«አራት» አለች ይታይሽ።

ተረቴ አለቀ፤ አግዳሚ ላይ ላለ ሁሉ ተራው ይድረሰው።