መነጽር ሻጩ የመረጠው ግራፊክስ ካርድ

ምእመናን፣ አሁን የምነግራችሁ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። መማል ባይከለከል ኖሮ እምልላችሁ ነበር፤ ስለተከለከለ እንደማልኩ ቁጠሩልኝ። አንዲት ቃል አልጨመርኩም፣ አንዲት ቃል አልቀነስኩም። መሳቅ የሚፈልግ አሁኑኑ ስቆ ይጨርስ፤ እኔ ዛሬ ተናድጄ ነው የመጣሁት።

አንድ ሰው ነበረ። ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ጀርባ፣ አራት ኮምፒዩተር ያለው ጌም ቤት ነበረው። ቤቱን ቀጥ አድርጋ ያቆመችው ግን ታናሽ እህቱ ነበረች። እታፈራሁ ትባላለች። ኮምፒዩተር ሲታመም ከፍታ የምታክም፣ ሽቦ በጥርሷ የምትልጥ፣ ካቻቢቴ ከጆሮዋ ላይ የማይወርድ ልጅ። አባታቸው ካረፈ ጀምሮ ወንድምና እህት ምሳቸውን ከአንድ ምሳ ዕቃ ነው የሚበሉት። ሰው ቢጠይቀው ሀብቴ አራቱ ኮምፒዩተሮች ናቸው ይል ይሆናል። ሐሰት! ሀብቱ ያች ምሳ ዕቃ ነበረች።

ከአራቱ አንዱ አርጅቶ ነበር። ምን ያህል አርጅቶ? ኳስ ጨዋታ የከፈተበት ልጅ ኮርና መትቶ፣ ወጥቶ ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ኳሷ ገና አየር ላይ ናት። እውነቴን ነው! ደንበኛ ማጉረምረም ጀመረ። ቅዳሜ ደግሞ የሰፈር ውድድር አለ። ሰውየው ጥቂት ገንዘብ ይዟል፤ ሁሉን ለመቀየር የማትበቃ፣ መርጦ ለሚገዛ ግን የማታሳፍር።

«እታፈራሁ፣ ምን ልግዛለት?» አላት።

የኮምፒዩተሩን ኬዝ ከፈተች፤ አቧራውን እፍ ብላ ጎንበስ አለች። «ጋሼ፣ አትቸኩል። መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩን ቀይር። ለሁሉም መብራት የሚያድለው እሱ ነው፤ ይኸው ውስጡ አብጧል። ከዚያ ራም ጨምርለት። በተረፈው ሥዕሉን የሚያፈጥን መለስተኛ ግራፊክስ ካርድ እንፈልጋለን፤ ያገለገለም ቢሆን ፈትሼ አመጣልሃለሁ።»

«ፓወር ሰፕላይ ማን ያየዋል?»

«ማንም አያየውም።»

«ታዲያ?»

«ልብህንስ ማን አይቶት ያውቃል ጋሼ?»

ሰውየው ይህን ሲሰማ ምን አደረገ? ተናደደ! ለምን ተናደደ? ቀድሞውንም ሊጠይቅ አልመጣማ! ገበያ ውስጥ አንድ ካርድ አይቶ ልቡ ጠፍቷል። ሦስት ፋን ያለው፣ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚረጭ፣ እንደ ሙሽራ መኪና ያሸበረቀ። ያን ካርድ «ግዛ» የሚለው ሰው ነው የፈለገው።

ወደ ዕቃ ሻጩ ሄደ። ሻጩ፣ ልብ በሉ፣ ሻጭ ሆኖ፣ ካርዱን አቅፎ ይዞ እንዲህ አለው፦ «የኔ ወንድም፣ ብሸጥልህ ጥቅሙ የኔ ነው። ግን ያንተ ፓወር ሰፕላይ ይህን አይችለውም። በሬ ገዝተህ በዶሮ ጥሬ ልትቀልበው ነው?»

ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር የሚያስተምር መምህር ዘንድ ሄደ። መምህሩ «እህትህ ምን አለችህ?» አለው።

«እሷን ተዋት።»

«እሷ ያለችህን አድርግ።»

ሰባት ሰው ጠየቀ። ሰባቱም አንድ ነገር ነገሩት። እንግዲህ ሰባት ሰው በሰባት ሰፈር አንድ ነገር ቢነግራችሁ ምን ትላላችሁ? እሱ ምን አለ መሰላችሁ? «ተማክረውብኛል!»

ስምንተኛው አበጋዝ ነው። አበጋዝ አስፋልት ዳር መነጽር ይሸጣል። ኮምፒዩተር ነክቶ አያውቅም። ሰውየው የካርዱን ፎቶ ከስልኩ አወጣና አሳየው። አበጋዝ ግንባሩ ላይ የሰቀላትን መነጽር አውርዶ አየ።

«ውይ ጋሼ! ይህማ ለአንተ የተሠራ ነው።»

«ፓወር ሰፕላዩ አይችለውም ይላሉ እኮ።»

«ምቀኛ መች ያልቃል!»

ሰውየው አቅፎ ሳመው። አስፋልት ዳር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መነጽር ሻጭ አቅፎ ሳመ! «የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው!» አለና ሄዶ ገዛ።

እታፈራሁ ካርዱን ስታይ አልጮኸችም። ጌም ቤቱ በደንበኛ ተሞልቷል።

«ጋሼ፣ ጠይቀኸኝ ነበር?»

«ጠይቄሻለሁ።»

«ነግሬህ ነበር?»

«ነግረሽኛል።»

«ታዲያ ለምን ጠየቅኸኝ?»

ሰው ሁሉ ጨዋታውን ትቶ እሱን ያያል። ሰውየው አፈረ። ያፈረ ሰው ደግሞ ይናከሳል። «ቤቴን በሠራተኛ ምክር አላስተዳድርም!» አላት።

ሠራተኛ! እህቱን! ከአንድ ምሳ ዕቃ አብራው የምትጎርሰውን!

ካቻቢቴዋን ከጆሮዋ ላይ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ምሳ ዕቃዋን ከፈተች። ግማሹን ምሳ በክዳኑ ላይ አድርጋ ፊቱ አስቀመጠችለት፤ ግማሹን ያዘች። «ሠራተኛ ሲሰናበት ድርሻውን ይዞ ይሄዳል» አለችው። «ተሳስቻለሁ ያልከኝ ቀን እመለሳለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግብህም።» ወጣች።

አንዲት ቃል ነው የጠየቀችው። አንዲት! እሱ ግን ካቻቢቴዋን አንሥቶ ካርዱን ራሱ ይገጥም ጀመር።

ቅዳሜ ጌም ቤቱ ጢም አለ። ካርዱ በራ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። ሦስቱ ፋን ሲዞሩ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ካላንደር ከመስከረም እስከ ጳጉሜን በአንድ ትንፋሽ ተገለበጠ። እውነቴን ነው! ጨዋታው እንደ ውሃ ይፈስሳል። ሰውየው እጁን አጣምሮ «የታሉ ሰባቱ?» አለ።

ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። ተጫዋቹ ቁልፉን ተጫነ። ድው!

ጎሏ እንዳትመስላችሁ። ፓወር ሰፕላዩ ነው። ሙቀት ፈልጋ ኬዙ ላይ የተኛች ድመት ነበረች፤ በመስኮት በርራ የሰፈሩ ውሃ ታንከር ላይ ተገኘች። በሕይወት አለች፤ ግን እስከ ዛሬ ቀይ መብራት ባየች ቁጥር ታስነጥሳለች። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ጢሱን ከሩቅ አይቶ «ማን ሞተ ብዬ ልንፋ?» እያለ ጥሩምባውን ይዞ ከተፍ አለ። ካርዱም፣ ራሙም፣ ዋናው ቦርድም አብረው ነደዱ።

ሰውየው ማንን ረገመ? መብራቱን ረገመ። ካርዱን የሠራውን አገር ረገመ። የሰው ዓይን ነው አለ። ሰይጣን ነው አለ። ሰይጣንን ተዉት እባካችሁ! ያን ቀን ሰይጣን ኮምቦልቻ አልነበረም። ሥራው ያለ እሱ ሲሠራለት ምን ቆርጦት ይመጣል?

ወደ አበጋዝ ሮጠ። «አንተ አይደለህም ወይ ለአንተ የተሠራ ነው ያልከኝ!»

«እኔ ምን አውቄ ጋሼ? መነጽር ሻጭ እኮ ነኝ!»

እዚያው ቆመ። ሰባቱን ንቆ የሰማው ሰው ይህ ነው። ቀስ ብሎ ወደ እህቱ ቤት አዘገመ፤ አንኳኳ፤ ከፈተችለት። «እታፈራሁ፣ ተሳስቻለሁ» አላት። ልጅቱ ምሳ ዕቃዋን አምጥታ መሐላቸው አስቀመጠች።

ደስ አላችሁ አይደል? እልል ልትሉ ምንም አልቀራችሁ። ቆይ! ስለ ማን የማወራ መሰላችሁ? ስለ ኮምቦልቻ ሰው?

እናንተስ ስንተኛው ሰው ላይ ደርሳችኋል? ሠርግ ቆርጣችሁ፣ ቀለበት ገዝታችሁ፣ ድንኳን ተከራይታችሁ፣ ከዚያ የንስሐ አባታችሁን «አባቴ፣ ምን ይመስልዎታል?» ትላላችሁ። «ልጄ፣ ትንሽ ቆይ» ካሏችሁ አባት ትለውጣላችሁ! ሐኪም መጠጥ ተው ያለህ አንተ፣ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድክ። እሱም ተው አለህ። ሦስተኛውን ሐኪምህን የት አገኘኸው? ጠጅ ቤት! የወንድማችሁን ድርሻ መሬት ለመሸጥ ተስማምታችሁ፣ ቀብድ ተቀብላችሁ፣ ከዚያ ሽማግሌ ሰብስባችሁ «እስቲ ምከሩን» ትላላችሁ።

ይህ ምክር መጠየቅ ነው? አይደለም! ይህ አጨብጫቢ መቅጠር ነው። አበጋዝ ደግሞ በየመንገዱ ሞልቷል፤ ርካሽ ነው፤ ቤታችሁ ሲነድ መነጽሩን ጠርጎ ይሸጣል።

እውነቱን የነገራችሁ ሰው ግን ዛሬ የት ነው ያለው? በሰው ፊት «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» ያልካት ማን ነበረች? ሚስትህ? እናትህ? «ዝም በል» ያልሽው ወንድምሽ አሁን ማን ቤት ነው ምሳ የሚበላው? ታውቋቸዋላችሁ። ስማቸው ፊታችሁ ላይ ሲመጣ ከዚህ ሆኜ እያየሁት ነው። ጧፍ ታበራላችሁ፣ ትሰግዳላችሁ፣ ትጾማላችሁ፤ ስልካችሁ ውስጥ ያለችውን ያችን ቁጥር ግን አትደውሉም! ምን ዓይነት ጾም ነው ይሄ?

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ካላንደሩ ተገልብጧል። ድመቷ በርራለች። ጥሩምባ ነፊው መጥቷል፤ የተጠራጠረ ኮምቦልቻ ወርዶ ይጠይቅ። የፈጠርኩት አንዲት ነገር ናት፦ «ተሳስቻለሁ» የምትለዋን።

አላላትም።

በሯ ድረስ ሄዷል። ሊያንኳኳ እጁን አንሥቷል። ከዚያ አወረደው። ይኸው ሦስት ዓመቱ። እዚያ በር ላይ ትቼው መምጣት አንጀቴ እምቢ ስላለኝ ቃሏን እኔ አልኩለት።

ለእናንተ ግን አልልላችሁም።