ሁለት እጁን ያነሳው አይብ ሠሪ

በስዊዘርላንድ፣ ካንቶን በሚባሉ ሁለት ግዛቶች መካከል አንዲት ትንሽ ሸለቆ ነበረች። ሕዝቧ ማንም ሳይገዛው፣ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ እጅ በማውጣት ጉዳዩን ራሱ ይወስን ነበር።

የትልቁ ካንቶን ገዥ ሸለቆዋን ከነግጦሽ መሬቷ ለመጠቅለል ፈለገ። በጉልበት ወሰደ እንዳይባል ከሌላው ካንቶን አንድ ዳኛ ለምስክርነት ጠራና ሕዝቡን ሰበሰበ። ከሕዝቡ ጀርባ ግን ጠመንጃ የደገኑ ወታደሮች አቆመ።

«በገዛ ፈቃዳችሁ ወደ እኔ ግዛት መግባት የምትፈልጉ እጃችሁን አውጡ» አለ።

ሰዉ ወደ ኋላው ዞር እያለ አየና አንድ በአንድ እጁን አወጣ። ገዥው ደስ ብሎት መቁጠር ሲጀምር፣ ከፊት የቆመ አንድ አይብ ሠሪ ሁለቱንም እጆቹን ሰቅሎ አየው።

«አንተ ሰውዬ፣ ለአንድ ሰው አንድ እጅ መሆኑን አታውቅም? ወይስ ከሁሉም አብልጠህ ወደድከኝ?» አለው እየሳቀ።

«አውቃለሁ ጌታዬ» አለ አይብ ሠሪው እጆቹን ሳያወርድ። «በእኛ አገር ድምፅ የሚሰጥ ሰው አንድ እጁን ያወጣል። ጠመንጃ የተደገነበት ሰው ደግሞ ሁለቱንም ያነሳል። እኔም የዛሬው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ዞር ብዬ አይቼ ነው።»

ይህን ሲሰሙ ሜዳው ላይ የቆሙት ሁሉ ሁለተኛ እጃቸውንም አነሱ።

ዳኛው ሳቁን እየዋጠ ወደ ገዥው ዞረና፣ «እንግዲህ እኔ የምመሰክረው ያየሁትን ነው» አለው።