ጃርቷን የጠራት ሽታ

ተረት ተረት፤ ጎረቤት የሌለው ይስማኝ።

ጥርኝ ጫካው ዳር ቡና መሸጫ ከፍታ፣ በየማለዳው አንድ እፍኝ ቡና በሯ ላይ እየቆላች ሽታውን በጅራቷ ታራግብ ነበር። እሾኋን ፈርቶ ማንም የማይጠጋት ጃርት፣ ሽታው ጉድጓዷ ድረስ ሲመጣ፣ «ዛሬስ ቡና ጠጪ የሚለኝ ጎረቤት ተገኘ» አለችና እግሯን ታጥባ ሄደች።

«ምን ልታዘዝ?» አለቻት ጥርኝ።

«ጠርተሽኝ አይደል የመጣሁት?» አለች ጃርት።

«እኔ ማንንም በስም አልጠራሁም፤ ሻጭ ነኝ። ዋጋው አንድ እሾህ ነው።»

ጃርትን መመለሱ አሳፈራት። እሾህ ነቅላ ከፈለችና ጥግ ይዛ ብቻዋን ጠጣች።

በማግስቱ ሽታው ደግሞ መጣ። ማንም እንዳልጠራት ታውቃለች። እግሯን ታጠበች፤ ከቤቷ ሳትወጣም አንድ እሾህ ነቅላ ያዘች።

ተረቴን መልሱልኝ፤ በሬንም አንኳኩልኝ።