ዋሻውን በባትሪ የቀባው ገበሬ

አንድ ገበሬ ነበረ። ተይ አትቸኩዪ ልጄ፣ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። «ልጆቹ ‹ለ›ን ሳስተምራቸው ‹ሀ›ን ይረሳሉ፤ ድንጋይ ላይ ውሃ ከማፍሰስ ማስተማሩን ብተወው አይሻልም ወይ?» ነው ያልሽኝ። ያውም ማስተማር በጀመርሽ በሦስተኛ ወርሽ! እኔ እዚህ ትምህርት ቤት ሳስተምር ያረጀሁት ሰውዬ እንዲህ እመልስልሻለሁ፤ ቁጭ በይና ስሚ።

ገበሬው አሮጊት እናት ነበረችው። በጦርነት ዘመን አገሬው ዋሻ ገብቶ ሲደበቅ እዚያው ዋሻ ውስጥ ነው የተወለደችው። አሁን ጉልበቷ ስለከዳት ወደ ዋሻው የሚወስደውን ቁልቁለት መውረድ አትችልም። ሳልሞት የተወለድኩበትን አንዴ ባየው ትላለች፣ ጠዋት ማታ። ልጅየው አንጀቱ አልችል ቢለው ከከተማ ፎቶ አንሺ ለምኖ አመጣ።

ዋሻው ግን በቀትርም ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ ስፋቱም መንደሩን ሁሉ ያስጠልላል። በእጃቸው ያለችው አንዲት ባትሪ ናት፣ ብርሃኗ ከሰፌድ አይሰፋም። ገበሬው ተስፋ ቆረጠ። ፎቶ አንሺው ሳቅ ብሎ ካሜራውን በሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አቆመ። ካሜራው ዓይኑን ገልጦ ብዙ ደቂቃ እንደሚቆይ፣ ባትሪዋ የነካችውን ሁሉ እየለቀመ እንደሚይዝ አስረዳው። የገበሬው ሥራ ግድግዳ እንደሚቀባ ሰው ብርሃኑን እያስኬደ፣ ሳይቆም፣ ከዳር እስከ ዳር መሄድ ብቻ ነው።

ገበሬው ጀመረ። ትንሽ እንደሄደ ዘወር ቢል፣ ያበራው ሁሉ ተመልሶ ጨልሟል። ወይኔ ጠፋብኝ ብሎ ወደ ኋላ ሮጠና ያንኑ እንደገና አበራው። ደግሞ ትንሽ ሄደ፣ ደግሞ ዞረ፣ ደግሞ ተመለሰ። ምስኪን፣ ላብ አጠመቀው። ፎቶው ሲታይ አንዷ ጥግ እንደ ኖራ ነጥታለች፣ ሌላው ሁሉ ጥቁር ነው። ባትሪዋም መድከም ጀምራለች፤ ከእንግዲህ ከአንድ ጊዜ በላይ አትበቃም። ያኔ ፎቶ አንሺው ትከሻውን ያዝ አደረገና፣

«ወንድሜ፣ ለአንተ ይጨልምብህ እንጂ ካሜራው ይዞታል። አትመለስ፤ የሚጠብቅህ ያልደረስክበት ነው» አለው።

ማመኑ ከበደው። ልቡ ወደ ኋላ እየጎተተው በግድ ወደ ፊት ተራመደ። አንዴም አልዞረም። መጨረሻው ዓለት ጋ ሲደርስ ባትሪዋ ድርግም አለች።

ፎቶውን አሳጥቦ ለእናቱ ሰጣት። ጣሪያው አለ፣ ምሰሶው አለ፣ በስተጓዳ ያለችው መደብ የመሰለች ድንጋይ ሳትቀር አለች። አሮጊቷ ጣቷን ድንጋይዋ ላይ አሳረፈች።

«እቺ ላይ ነው እናቴ የወለደችኝ» አለች።

ከዚያማ እልልታዋን ለቀቀችው። ጎረቤቱ ሠርግ ያለ መስሎት እየሮጠ መጣ፤ ነገሩን ሲሰማ እሱም አብሯት እልል አለ።

አየሽ ልጄ፣ የልጅ ልብ ያ ዓይኑን ገልጦ የቆመው ካሜራ ነው። ገበሬው አንቺ ነሽ። ዘወር ባልሽ ቁጥር የሚታይሽ ጨለማ ነውና ሆድሽ ይባባል። እኔ ግን ፎቶውን አይቼዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያ ስሄድ፣ የመድኃኒቱን ጽሑፍ ፍስስ አድርጋ አንብባ መርፌ የወጋችኝ ነርስ፣ ድሮ «ሀ»ን አልይዝ ብላ ያስለቀሰችኝ ተማሪዬ ናት። በይ ተነሺ፣ ደወሉ ተደውሏል፤ ዛሬ «ሐ»ን ነው የምታስተምሪያቸው።